አርባ ኪሎ

ሮላ፣ ከአደባባዩ ጀርባ፣ ከጫማ ሰፊው ቀጥሎ፣
ካርጎ ቤቱ በር ላይ ወረቀት ተሰቅሎ፦
«ከዛሬ ጀምሮ አሥራ አራት ድርሃም በኪሎ።»

«ሰባት ነበር እኮ ያለፈው ረመዳን!»
ሻጂ መልስ የለውም፤ ይወለውላል ሚዛን።
«ነዳጅ ነው» ይለኛል በኋላ፣ ጣቱን ቀስሮ ወደ ላይ፤
ነዳጅ ከምድር በሚፈልቅበት አገር፣ የሚቀዳ ይመስል ከሰማይ።

ሃያ ሦስት ኪሎ። በአሥራ አራት ሲባዛ፣
ሦስት መቶ ሃያ ሁለት፤ ውስጡ ያለው እንኳ በዚህ ዋጋ አልተገዛ።

ፕላስተሩን ቀደድኩ፣ እግረኛ መንገዱ ላይ ተቀምጬ፣
የሚሄደውን ከሚቀረው ልለይ፣ በየግራሙ መርጬ፦
የእናቴ ብርድ ልብስ፣ ነብር ያለበት፣ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ፣
ሦስት ዓርብ ተመላልሼ የገዛሁት፣ አፍጋኑ እስኪረታ ተሟግቶ፤
የጀማል ስኒከር፣ በአምናው እግሩ ልክ
(አድጎ ከሆነስ? ማን ይለካልኛል በስልክ)፤
ዱቄት ወተት፣ ሻምፖ፣ የአባቴ ራዲዮ ከነአራት ድንጋዩ።
ለወሎ ድንጋይ ላከች ብለው ይስቃሉ የሚያዩ!
ድንጋዮቹን አወጣሁ።
ሚዛኑ ከቁብም አልቆጠረኝ።

የኔ ጊዜ ዓርብ ብቻ ነው፣ ከጁምዓ ሶላት እስከ መግሪብ፤
መርከብ ልጠይቅ፣ ሰው ልለምን፣ ወይስ ካርቶኔን ልሰብስብ?

በመርከብ ርካሽ ነው፤ ግን ሰባ ቀን ባሕር፣
ከዚያ ጅቡቲ፣ ከዚያ ጉምሩክ፣ ከዚያ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፣ ነገ ሞክር»።
በሰው እጅስ? ኪሎ ሻጮች አሉ፣
«አሥር ድርሃም፣ እህቴ፣ በረራዬ ማክሰኞ ነው» የሚሉ።
አንዱ ያምናውን ሻንጣ ተቀብሎ፣ ማክሰኞው እስከዛሬ አልደረሰ፤
ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ፣ ቁጥሩም ስሙም ፈረሰ።

ያኔ ነው ሩቅያን፣ የሐርቡዋን፣ ያገኘኋት፣
ቆንስላው ደጅ፣ ከግንቡ ጥላ ሥር፣ የሰባት ወር ደሞዝ ቀርቶባት።
ቲኬቷን ዘርግታ አሳየችኝ፤ አርባ ኪሎ ይላል።
እጇ ላይ ያለው ፌስታል፣ እንጃ፣ አንድ ኪሎ ይሞላል?

«በስንት ትወስጅልኛለሽ?» አልኩ።
የነጋዴ ድምፅ ነበር ያወጣሁት፤ አሁንም ይሰማኛል።
የፌስታሏን ጆሮ ጠመዘዘች፣ ፈታች፣ ጠመዘዘች።
«ገንዘብ አልፈልግም» አለች።

«ካርቶኑ ላይ ስሜን ጻፊልኝ፣ በትልቁ፣
ከሚኒባስ ሲወርድ ሰዎች እንዲያነቡ፣ እንዲያውቁ።
አንድ ሌሊት እኛ ቤት ይደር፤ እናቴ ትንተራሰው፤
ጎረቤትም ይምጣና ይየው፣ ይዳስሰው።
ሲነጋ ሐይቅ ድረስ ወስጄ ለእናትሽ አስረክባለሁ፤
ያንቺ ነው የምለው ያኔ ነው፤ እስከዚያ የኔ ነው እላለሁ።»

ማርከር ከሻጂ ተዋስኩ። እጄ አልታዘዝ አለ።
ሩቅያ ሰይድ እንድሪስ።
በአራቱም ጎን ጻፍኩት፤ የኔ ስም የትም የለ።
ድንጋዮቹንም መለስኳቸው። አርባ ኪሎ አይደል?

በዘጠነኛው ቀን እናቴ ደወለች፦ «ደረሰ፣ ልጄ፣ ደረሰ፤
ጫማው ጠቦታል፤ አባትሽ ራዲዮውን ከፍቶ ሰፈሩን ቀሰቀሰ።
ብርድ ልብሱን ግን...» ትንሽ ቆየች። «ለልጅቱ ሰጠሁት፤
ስትንቀጠቀጥ አይቼ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግሁት።»

ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ! ሦስት ዓርብ! ተናደድኩ፣ አልዋሽም፤
«ሐርቡ እኮ ቆላ ነው፣ እማ! እዚያ ሰው አይበርደውም!»
«አውቃለሁ» አለች።
ሌላ አልጨመረችም።

በቀጣዩ ዓርብ ወረቀቱ ላይ አሥራ አራቱን ሰርዘው
አሥራ ስድስት አድርገውታል። ሻጂም ጣቱን አላነሳም።
አፍጋኑ ከሩቅ ለየኝ፤
ነብሩን ሳልጠይቀው ከመደርደሪያው አወረደው።